የሸማኔ እግር

ቤሩት፣ መስከረም 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ ይገዙ፣ ሱሉልታ፤

አዲሱን ዓመት በጤና ላስጀመረን ጌታ ምስጋና ይግባውና፣ ከእግርዎ ዝቅ ብዬ ሰላም እላለሁ። እማማ ማሪቱን፣ ሰበታ ፋብሪካ የሚሠራውን ካሣዬን፣ የቤት አከራያችሁን ኦቦ ተክሉን ከነቤተሰባቸው ሰላም በሉልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ስል የእውነት ነው፤ እርስዎ እንደሚሉት ዓይነት ደህና አይደለም።

ጎረቤታችሁ ትህትና በስልክ ነገረችኝ። ጤና ጣቢያ ደም ሰጥተው ስኳር ተገኝቶብዎታል አለች። ያውም በሰኔ! ሦስት ወር ሙሉ ለእኔ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። አባቴ ሲሞት ከጨንቻ አምጥተው፣ ከልጅዎ ከካሣዬ ሳይለዩ ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉም? ታዲያ እኔ ከጎረቤት ልስማ? በጣም ነው የተቀየምኩት። ይኸው ጽፌ ጨረስኩት፤ አሁን ያዳምጡኝ።

እዚህ የምሠራላት ማዳም ስኳር ከያዛት ሃያ ዓመት አልፏታል። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ እግሯን ማየት ነው። ለብ ባለ ውሃ አጥባለሁ፤ ውሃውን አስቀድሜ በክርኔ እለካለሁ። በጣቶቿ መሐል አንድ ጠብታ ሳላስቀር አደርቃለሁ፤ ውስጥ እግሯን በመስታወት አያለሁ። መጀመሪያ ሰሞን “የሰው እግር ላጥብ ነው እንዴ ባሕር የተሻገርኩት” ብዬ አልቅሻለሁ። ያስረዳችኝ በየሳምንቱ የምትመጣው ነርስ ናት። ስኳር እግርን ያደነዝዛል። ሚስማር ቢገባበት ሰውየው አያውቅም። ትንሿ ቁስል ሳትታይ ከርማ አጥንት ትደርሳለች፣ ከዚያ መቁረጥ ይመጣል። የማዳም እህት አንድ እግሯን ያጣችው እንዲሁ ነው።

ስለዚህ በባዶ እግር መሄድ ቀረ። እንደ ሸማኔ ሁሉ የደደረውን የእግር ቆዳ በምላጭ መላጥም ቀረ። ጫማ ከማድረግዎ በፊት እጅዎን አስገብተው ጠጠር እንዳለበት ይዳስሱ። እማማ ማሪቱ እራት ሳይቀርብ ውስጥ እግርዎን ይዩልዎት። ደግሞ ብርድ አያግኝዎት። ነርሷ “እግሯን አሙቂላት፣ አሙቂላት” ስትል ነው የምትውለው፤ የሱሉልታ ብርድ ደግሞ የዋዛ አይደለም። እግርዎን ያሙቁ።

ሌላም ብዙ ነበረኝ፤ ማዳም ነቅታ እየተጣራች ነው። ይህን የምታመጣልዎት ሃዋ ናት፤ ከእኔ ጋር አንድ ሕንፃ ላይ ትሠራ የነበረች የቡራዩ ልጅ። ሦስት ጥንድ የሱፍ ካልሲና አንድ ቅባት ይቀበሏት። መልስዎን በጽሑፍ ይላኩልኝ። በትህትና ስልክ “አይሰማም፣ አይሰማም” ብለው ይዘጉብኛል፤ በጽሑፍ ግን ሲዋሹ አይቼ አላውቅም።

ልጅዎ ተስፋነሽ


ሱሉልታ፣ ኅዳር 27 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለተስፋነሽ፤

በአገራችን ቃል ሳሮ፣ ሰላም ልበልሽ። መውጫ መግቢያሽን ጌታ ይጠብቅ። እኛ ከብርዱና ከከተማው ሁካታ በቀር ምንም አልሆንንም።

ማሪቱ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። አንዱ ለመስማት፣ ሁለተኛው እኔን ለመገሠጽ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ እንደ ተማሪ እግሬን ሳላሳይ እራት አይሰጠኝም። ቅባትሽን ትቀባኛለች። ካልሲሽን እሑድ እሑድ አድርጌ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ወንድሞች “ይገዙ ቤሩት ደርሶ መጣ” እያሉ ይስቁብኛል።

ሥራ ላይ ግን አልሆነም። ረሳሽው እንዴ ልጄ? ሸማኔ በእጁ ብቻ አይሠራም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን ወደ ታች ስሰድ፣ የመርገጫውን ገመድ የምይዘው በአውራ ጣቴና በቀጣዩ መሐል ነው። ካልሲ ካደረግሁ ገመዱ እየሾለከ ድሩ ይዘባረቅብኛል። ጫማማ አይነሣ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በባዶ እግር ነኝ። ግን አታስቢ፤ ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔው ነኝ፣ ጠጠርም ሚስማርም የለበትም።

ስለ ማሞቁ ግን ቃልሽን ሰምቻለሁ። በኅዳር ብርዱ ጉድጓዱ ውስጥ ነው የሚያድረው። አባቶቻችን ጨንቻ ላይ እንደሚያደርጉት፣ ማሪቱ ፍም በገል አድርጋ ከመርገጫው አጠገብ ታስቀምጥልኛለች። ሳይቀዘቅዝ ምሳ ሰዓት ይደርሳል። እግሬ እንዲህ ተመችቶት አያውቅም፤ ነርሷን አመስግኚልኝ።

ከተማው ጥሩ አይደለም። ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር የኦቦ ተክሉን ማሳ ይነካል ተብሎ ችካል ተተክሎበታል። ሰሞኑን ተማሪዎቹ ወጡ፣ ጥይት ተተኮሰ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘጋ። ሁለት ሳምንት ጋቢዬን ሽሮ ሜዳ ማድረስ አቅቶኝ ቤት ከመርኩት። ኦቦ ተክሉ መጥተው ጉድጓዱ አጠገብ ይቀመጡና “አንተ ምን አለብህ፣ ግማሽ አካልህ መሬት ውስጥ ነው፣ ምንም አይታይህም” ይሉኛል። “ኦቦ፣ ማሳዎ ከሄደ ይህ ጉድጓድም ማሳው ላይ እኮ ነው ያለው” አልኳቸው። ሁለታችንም ሳቅን።

አንቺ በርትተሽ ሥራሽን ሥሪ።

አባትሽ ይገዙ


ቤሩት፣ የካቲት 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

አባባ፤

ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው። ጌታ ይጠብቅዎት፤ ፍሙን ያውጡት።

ደብዳቤዎ በሰው ሻንጣ ሁለት ወር ከግማሽ ሲንከራተት ቆይቶ ትናንት ደረሰኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ነርሷ “አሙቂላት” ብላ አታቆምም። “በካልሲ፣ በብርድ ልብስ፤ እሳት አጠገብ ግን በፍጹም” ብላ ነው የምትጨርሰው። እኔ ማዳም ስትጠራኝ ግማሹን ጽፌ ተነሣሁ። እውነቱን ልናገር ከተባለ ደግሞ፣ ጊዜ ቢኖረኝም የምጽፈው አይመስለኝም። እዚህ ቤት እሳት የሚባል ነገር የለም፤ ግድግዳው ላይ ያለ ብረት ነው የሚሞቀው። በልጅነቴ ያን ፍም በገል ተሸክሜ ያቀረብኩልዎት እኔ ራሴ ረሳሁት።

እንዳነበብኩ ትህትና ጋ ደወልኩ። ሄዳ ጠየቀችዎት፤ “ገሉን አውጥቻለሁ በያት” ብለው ሳቁባት አለችኝ። ሳቅዎን አላመንኩትም። የደነዘዘ እግር እሳት ቢበላውም ለባለቤቱ አይናገርም። በእጅዎ ይጻፉልኝ። ገሉ ወጥቷል ወይ? እግርዎ ላይ የተቃጠለ ቦታ አለ ወይ? ሁለት ጥያቄ ነው።

ተስፋነሽ


ሱሉልታ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለተስፋነሽ፤

እንኳን ለትንሣኤው በዓል በሰላም አደረሰሽ። የተነሣው ጌታ አንቺንም በሰው አገር ቀና አድርጎ ያቁምሽ።

ገሉ ወጥቷል። እኔው ነኝ አውጥቼ የሰበርኩት። ይህን በእውነት እጽፍልሻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው ያልሽውን ግን ሁለተኛ እንዳትጽፊው፤ ከልብሽም አውጪው።

ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። ኦቦ ተክሉ ችካሉን ነቅለው ለጥጃ አጥር አደረጉት። እስካሁን “ችካላችን የት ገባ” ብሎ የመጣ የለም። ቢሆንም ሰው አልተረጋጋም። አንዳንድ ቀን መኪና ሳይንቀሳቀስ ይውላል።

እኔ ጋቢ ትቼ ነጠላ ብቻ እሠራለሁ። ነጠላ ለእግር ይቀላል። ማሪቱ ቤቱ ይሸተኛል ትላለች፤ አይጥ ሞቶ ይሆናል ብዬ ሣጥኑን ሁሉ አስነሥቼ ፈተሽኩላት።

ሃዋን የመሰለ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ነጭ ፋሻ ብትልኪ ጥሩ ነው፤ ለቤት ይሆናል። ካልሲ ደግሞ ከላክሽ ሰፋ ያለ ይሁን። ይህንን ለካሣዬ መንገር አያስፈልግም፤ ፋብሪካው ፈቃድ አይሰጠውም።

አባትሽ ይገዙ


ቤሩት፣ ሰኔ 30 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ ይገዙ፤

ለጤናዎ እየጸለይኩ፣ እየተናደድኩም ነው የምጽፈው። ጌታ ሁለቱንም ያይልኛል።

ሁለት ጥያቄ ጠይቄ አንድ መልስ አገኘሁ። ፋሻው ለቤት ነው? ቤቱ ነው የቆሰለው? ሰፊ ካልሲ የሚፈልግ ያበጠ እግር ነው። የሞተ አይጥ ሽታ ምን እንደሆነ ደግሞ እንዳልናገር አፌን ያዙኝ። የማዳም እህት ከመቆረጧ በፊት መኝታ ቤቷ እንደዚያ ነበር የሚሸተው ይላሉ።

ካሣዬ ጋ ደውያለሁ። አዎ፣ እያወቅሁ ነው የነገርኩት። ፈቃድ ቢከለከልም እመጣለሁ ብሏል። ካልሲዎን አውልቁ ሲልዎት ያውልቁ፤ ሆስፒታል እንሂድ ሲልዎት ይሂዱ። አንድ ነገር ልንገርዎት። ውሌ ጥር ላይ ያልቃል፤ ማዳም ሁለት ዓመት ጨምሪ እያለችኝ ነው። እርስዎ አልታይም ካሉ ጥርንም አልጠብቅ፣ ነገ ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ።

ፋሻውን ልኬያለሁ። እባክዎን አባባ። ከእርስዎ ሌላ አባት የለኝም።

ተስፋነሽ


ሱሉልታ፣ ኅዳር 8 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለተስፋነሽ፤

ከሞት ከፍ፣ ከጤና ዝቅ ብዬ ሰላም እልሻለሁ።

ቀኝ እግሬ ከጉልበት በታች ተቆርጧል። አስቀድሜ የጻፍኩት እያነበብሽ እንዳትፈልጊው ነው። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ያን የአምናውን የኅዳር ደብዳቤ በላክሁ በሦስተኛው ቀን ነው። ጋቢ እየሠራሁ የሚያር ነገር ሸተተኝ። ደንግጬ ድሩን አየሁ፤ ምንም አልሆነም። የጋቢው ጫፍ ፍሙ ላይ ወርዶ እንደሆነ ብዬ ሰብስቤ አገላበጥኩት፤ አልነካውም። ጨርቁ ስለተረፈ ጌታን አመስግኜ ሥራዬን ቀጠልኩ። ለምሳ እግሬን ሳወጣ ገሉ አብሮ መጣ። ውስጥ እግሬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ። ውሃ የቋጠረውን በምላጭ ከፈትኩት። የቴትራሳይክሊን ፍሬ ከፍቼ ዱቄቱን ነሰነስኩበት። ሞቅ ባለ የጨው ውሃ ነከርኩት፤ ውሃውን በክርኔም በምኔም አልለካሁም። ሽማግሌ ሸማኔ ሁሉ እግሩን የሚያክመው እንደዚህ ነው። አላመመኝም። ያልታመመ ሰው ምን ብሎ ሐኪም ቤት ይሄዳል?

ማሪቱን ያታለልኳት በአንቺ ደብዳቤ ነው። ማንበብ እንደማትችል ታውቂያለሽ። እስከ የካቲት እራት ሳይቀርብ ቀድሜ ራሴ ቀብቼ፣ ካልሲ አድርጌ እየጠበቅሁ አሳለፍኳት። የየካቲቱ ሲመጣ ስለ እሳቱ ያለውን ዘልዬ፣ “ከእንግዲህ በሽተኛው እግሩን ራሱ ይየው፣ ሌላ ሰው አይንካው ትላለች ነርሷ” ብዬ አነበብኩላት። አመነች። አንቺ ያልሽውን ሁሉ ታምናለች። በዚህ ዓመት ከሠራሁት ሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

ለምን ደበቅህ ትይኛለሽ። አንደኛ፣ ሦስት ወር አትርገጥ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። የማይረግጥ ሸማኔ ምኑን ሸማኔ ነው? ሁለተኛው ግን የካቲት ላይ መጣ። ቁስሉ እየከፋ ሲሄድ ጤና ጣቢያ ልሄድ ልብሴን ቀይሬ ነበር። ያን ቀን ደብዳቤሽ ደረሰ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለሽ ጽፈሻል። ቁስሉን ካወቅሽ ይህን ቃል ዕድሜሽን ሙሉ ይዘሽው ትኖሪያለሽ ብዬ ልብሴን መልሼ አወለቅሁ። ዝም ብል ይድናል አልኩ።

ሐምሌ ላይ ካሣዬ መጥቶ በግድ አስወለቀኝ። አይቶ ወደ ውጭ ወጣና አስመለሰው። ጤና ጣቢያ ወሰደኝ፤ እነሱ ወደ አዲስ አበባ ጻፉልኝ። ሆስፒታሉ ወረፋው ብዙ ነው፤ መድኃኒት ሰጥተው ለመስከረም 25 ቀጠሩኝ። የኢሬቻው ዕለት ያ ሁሉ ሰው አለቀ፤ በማግስቱ መንገዱ በሙሉ ተዘጋ። እዚህ መኪና ተቃጠለ፣ ሰበታ በኩልም ፋብሪካ ይነዳል ይባላል፣ ካሣዬ ይኑር ይሙት አላወቅንም። ቀጠሮዬ አለፈ። ትኩሳቱ ያዘኝና መዘባረቅ ጀመርኩ።

ኦቦ ተክሉ ጋሪያቸውን ጠምደው መጡ። ማሪቱ “ይገድሏችኋል” ብላ ብትለምናቸውም አልሰሙም። መንገዱ ላይ ወጣቶች ድንጋይ ደርድረዋል። አንዱ ጋሪውን ያዘና “ኤሳ ዴምታ?” አላቸው፤ ወዴት ነው ማለቱ ነው። “ሰውየው ታሟል” አሉት በኦሮምኛ። “ምንህ ነው?” ሲላቸው “ኦላ ኮቲ፣ ጎረቤቴ ነው” አሉት። ልጁ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አየ። ሽታው ሲመታው አፍንጫውን ይዞ ጓደኞቹን ጠራ፤ ድንጋዩን ራሳቸው አነሡልን። እስከ ኬላው በጋሪ፣ ከዚያ ወዲያ በለመንነው መኪና ደረስን።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። “አባቴ፣ በመጋቢት መጥተው ቢሆን ሁለት ጣት ወስጄ እሸኝዎት ነበር” አለኝ። በክፋት አይደለም፤ እሱም አዝኖ ነው።

እግሩን ለቤተሰብ ይሰጣሉ፤ እንዲቀበር። ካሣዬ መንገዱ ሲከፈት መጥቶ ስለነበር በሠራሁት ነጠላ ጠቅልሎ ይዞት ተሳፈረ። አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወጥቷል፤ ኬላው ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ ይፈተሻል።

“ምንድን ነው የያዝከው?” አለው ወታደሩ።

“የአባቴ እግር ነው።”

“ትቀልዳለህ?”

“ፍታና እየው።”

ወታደሩ ፈታው። አይቶ ቀስ ብሎ መልሶ አሰረውና “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” አለው። ካሣዬ ይህን ሲነግረኝ ነው ያለቀስኩት፤ ሲቆረጥ አላለቀስኩም።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ለእግር ጸሎት ይደረጋል አይደረግም ብለው ሲከራከሩ ቀኑ መሸ። ኦቦ ተክሉ መቆፈሪያቸውን ይዘው ማሳቸው ዳር፣ ችካሉ የነበረበት አጠገብ ቆፈሩ። “ይህን መሬት ስንቱ ሲፈልገው አልሰጠሁም፤ ለይገዙ እግር ግን እሰጣለሁ” አሉ። ማሪቱ ራሷ አፈር አለበሰችው።

አሁን ምርኩዝ አለኝ። ጉድጓዱን ካሣዬ ደፈነው፤ እንዳልወድቅበት። ለሌሎች ሸማኔዎች ፈትሉን ቀሰም ላይ አጠነጥናለሁ። በአንቺ ምክር የሆነ አንዳች ነገር የለም፤ እሳቱን ያስቀመጥኩት እኔ፣ ቁስሉን የደበቅሁት እኔ። ግራ እግሬ ምንም አልሆነም። ስለዚህ ሥራሽን ትተሽ እንዳትመጪ። ማዳም ጨምሪ ካለችሽ ጨምሪ።

አባትሽ ይገዙ


ቤሩት፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ ይገዙ፤

የተረፈውን አካልዎን ጌታ ይጠብቅ። ከዚህ ሌላ የምለው ምርቃት ጠፍቶኛል።

ደብዳቤዎን ወጥ ቤት ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። በማግስቱ ጠዋት የማዳምን እግር ሳጥብ እጄ እምቢ አለኝ። ሃያ ዓመት የታመመች ሴት፣ አሥሩም ጣቶቿ ሙሉ ናቸው። ጠላኋት። ምንም አላደረገችኝም፣ ግን ጠላኋት። ከዚያ አድርቄ ካልሲዋን አደረግሁላት።

እርስዎንም ተቀይሜአለሁ። እኔ እንዳላዝን ብለው እግርዎን ሰጡ። ማን ለመነዎት? ጥፋቱን ተሸክሜ እኖር ነበር፤ ሰው ስንቱን ተሸክሞ ይኖራል። አሁን ሁለቱንም ይዣለሁ፣ የእኔንም የእርስዎንም።

ማዳም የሁለት ዓመቱን ውል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣልኛለች። ጥር ሳያልቅ ፈርሚ ትላለች። ግራ እግሬ ምንም አልሆነም ብለዋል። ማን አይቶት ነው? የእማማ ማሪቱ ዓይን ደክሟል። ትህትና በቀን ብርሃን ትየው፤ ጣቱን አንድ በአንድ ከፍታ ትየው። ያየችውን ሳይቀንሱ ይጻፉልኝ። ፈርሚም አትፈርሚም የሚለኝ እሱ ነው።

ተስፋነሽ


ሱሉልታ፣ ጥር 13 ቀን 2009 ዓ.ም.

ልጄ ተስፋነሽ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ትህትና የሆነውን ዛሬውኑ በስልክ ትነግርሻለች። እኔ የምጽፈው በእጄ እንድታዪው ነው። ማሪቱ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ ካሣዬም አለ፤ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብዬ እያነበብኩላቸው ነው የምጽፈው።

በግራ እግሬ፣ በትንሿ ጣትና በቀጣይዋ መሐል ቁስል አለ። ባቄላ ያህላል፤ እርጥብ ነው፣ ዳሩ ነጭ ነው። መቼ እንደጀመረ አላውቅም። አልተሰማኝም። መንገዱ ክፍት ነው፤ ነገ ጠዋት ካሣዬ ሆስፒታል ይወስደኛል።

በጣም ፈርቻለሁ ልጄ። ወረቀቱን አትፈርሚ። ነይልኝ።

ይገዙ